የማይል ሌባ በየት በኩል ይገባል?

ቴሌብሩን በቀን አሥር ጊዜ የሚከፍት ሰው የአየር መንገድ ማይል አካውንቱን፣ ማለትም በበረራ የሚጠራቀመውንና ትኬት የሚገዛውን ነጥብ፣ በዓመት አንዴ እንኳ ላያየው ይችላል። የማይል ሌባ የሚኖረው በዚህች ክፍተት ነው። ከባንክ ሂሳብ አንድ ሺህ ብር ብትጎድል መልእክቱ ወዲያው ስልክ ላይ ይገባል፤ ባለቤቱም ባንክ ቤት ይሮጣል። ከአየር መንገድ አካውንት አርባ ሺህ ማይል ቢወጣ ግን ባለቤቱ የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ ለእናቱ ትኬት ልቁረጥ ብሎ ሲነሣ ነው። ያኔ በማይሉ ትኬት ተቆርጦበታል፣ ተበርሮበታል፣ የተሳፈረውም ሰው አገሩ ገብቷል።

ጉዳዩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ሩቅ አይደለም። ከዱባይና ከጓንዡ ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ፣ ጅዳና ሪያድ፣ ኩዌትና ቤሩት የምትመላለሰው ሠራተኛ፣ ዑምራ የሚሄዱት አባት፣ አሜሪካ ያለች ልጃቸውን የሚጠይቁት እናት፣ ሁሉም ከተመዘገቡ በየበረራቸው ማይል ይጠራቀምላቸዋል። አንዳንዶቹ አካውንት እንዳላቸው እንኳ አያውቁም፤ ትኬቱን የቆረጠላቸው ቢሮ መዝግቧቸው ነው።

የአየር መንገድ ማይል ለደንበኛ የሚሰጥ ማበረታቻ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 እ.ኤ.አ. የጀመረውን አሠራር ዛሬ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ሁሉ ይከተሉታል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ፣ የኤምሬትስ ስካይዋርድስ፣ የሳውዲያ አልፉርሳን እንዲህ ያሉ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ በሼባማይልስ የተጠራቀመ ማይል በሉፍታንዛ ወይም በቱርክ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይም ወንበር ይገዛል። ይህ ለተጓዡ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለሌባውም እንዲሁ። ከኮምቦልቻና ከጅዳ በረራ የተለቀመ ማይል አዲስ አበባን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው የሚያደርስ ትኬት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ውል መሠረት ማይል የተጓዡ ንብረት አይደለም፤ አየር መንገዱ የፈቀደለት መብት ነው። ሲሰረቅ መልሶ መስጠት አለመስጠቱን የሚወስነውም አየር መንገዱ ራሱ ነው፤ ሲወስንም ባለቤቱ ፓስዎርዱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ እንደሆነ ይመለከታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ጥንቃቄ ከስርቆት ከመዳንም አልፎ፣ ከተሰረቁ በኋላ አቤት ለማለት የሚቆሙበት መሬት ነው።

ሦስት ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ

ዘሀራ እንበላት። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የመጀመሪያውን ስማርት ስልኳን የገዛችው ደሴ ፒያሳ ከሚገኝ ሞባይል ቤት ነው። ሻጩ ልጅ፣ «እታለም፣ ጂሜይል ከሌለሽ ፕሌይስቶር አይከፍትልሽም» ብሎ እዚያው አወጣላት። ፓስዎርዱን ስሟንና 123 አደረገው። «ብትረሺው እኔ ጋ አለ» ብሎ በሱቁ ደብተር ላይ ጻፈው፤ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅም የራሱን አስገባ። ቀጥሎ ትኬት ቢሮው በዚያው ኢሜይል የማይል አባል አደረጋት፣ ለማይሉም ያንኑ ፓስዎርድ ሰጠው። ዘሀራ ስትሄድ ደግሞ የኢትዮጵያ ሲም ካርዷን ለታናሽ ወንድሟ ተወችለት።

ልጁም፣ ቢሮውም፣ ወንድምየውም ሌቦች አይደሉም። ሁሉም ሊረዷት ነው የፈለጉት። ግን ኢሜይሉ በአንዱ፣ የማይል አካውንቱ በሌላው፣ ስልኩ በሦስተኛው እጅ ነው ያለው፤ በዘሀራ እጅ አንድም ቁልፍ የለም። በዚያ ደብተር ላይ ደግሞ የእሷ ብቻ ሳይሆን የሁለት መቶ ደንበኛ ኢሜይልና ፓስዎርድ በእስክሪብቶ ተሰልፏል። ልጁ ሱቁን ለቆ ሲሄድ ደብተሩ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ አዲስ የሚቀጠረው ደግሞ ማን እንደሆነ ዘሀራ አታውቅም።

ከሦስቱ ቁልፎች እናቱ ኢሜይሉ ነው። የማይል አካውንት ፓስዎርድ የረሳ ሰው «ረሳሁ» የሚለውን ሲነካ መቀየሪያው የሚላከው ወደ ኢሜይል ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሰው የማይሉን ፓስዎርድ ማወቅ አያስፈልገውም፤ አዲስ ያወጣል። ብዙ ሰው የአየር መንገዱን ፓስዎርድ ቀይሮ ተገላገልኩ ሲል በሁለተኛው ቀን እንደገና የሚሰረቀው ለዚህ ነው። የግቢውን በር ትቶ የጓዳውን መቆለፍ ማለት ነው።

ደሴን የማያውቅ ሌባ

ሁለተኛው መንገድ ከሰፈር ሰው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አንድ ሰው በዓመታት ውስጥ በደርዘን ድረ ገጾች ይመዘገባል፤ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለጨዋታ፣ ለዕቃ ግዢ። ከእነዚህ አንዱ ሲጠለፍ ኢሜይሉና ፓስዎርዱ ከሚሊዮኖች ጋር ተጠቅሎ ይሸጣል። ገዢው ዝርዝሩን ለኮምፒውተር ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዱን ጥንድ በአየር መንገዶች መግቢያ ላይ ይሞክራል። ከመቶ አንዱ ቢከፍት እንኳ በሚሊዮን ሲባዛ አሥር ሺህ አካውንት ነው። ሌባው የማንንም ስም አልመረጠም፤ አንዱን ፓስዎርድ በብዙ ቦታ ደጋግሞ የተጠቀመ ሁሉ ወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ይህ ትልልቆቹንም ነክቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካን ኤርላይንስ 10,000 የሚሆኑ አካውንቶች ከሌላ ቦታ በተሰረቀ ፓስዎርድ ተከፍተዋል፤ በዩናይትድ ኤርላይንስም በዚያው ሰሞን በሰው ማይል ጉዞ ተይዟል። በ2015 እ.ኤ.አ. መጋቢት ብሪቲሽ ኤርዌይስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የደንበኞቹን አካውንቶች ለማገድ ተገድዷል። በሁሉም ላይ የአየር መንገዱ አጥር አልፈረሰም፤ ሌባው ትክክለኛ ቁልፍ ይዞ በበሩ ነው የገባው። የሒልተን ሆቴሎች ነጥብ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲዘረፍ ደግሞ መግቢያው ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ነበር። አራት አሃዝ ያለው ዕድል 10,000 ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል።

መረጃ ከአየር መንገዶች በኩል የሚወጣበትም ጊዜ አለ። ለብዙ አየር መንገዶች የተሳፋሪ ሲስተም የሚያቀርበው ሲታ በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲጠለፍ የስታር አሊያንስ አባል አየር መንገዶች ደንበኞች ስም፣ የአባልነት ቁጥርና ደረጃ ወጥቷል። በ2025 እ.ኤ.አ. የ5.7 ሚሊዮን የኳንታስ (የአውስትራሊያው አየር መንገድ) ደንበኞች መረጃ ተወስዷል። በሁለቱም ፓስዎርድ አልወጣም ተብሏል፤ ቃሉ እውነት ነው፣ ግን ሰውን ማዘናጋት የለበትም። ስምዎንና የአባልነት ቁጥርዎን የሚያውቅ ሰው ሲደውል ከአየር መንገዱ የደወለ ነው የሚመስለው።

ቦርዲንግ ፓስ ላይ ያለው

አንድ ቦርዲንግ ፓስ ይዘው በቀን ብርሃን ይመልከቱት። ከስምዎ ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባት ባለ 6 ምልክት ቃል አለች፤ ትኬት ቢሮዎች ፒኤንአር ይሏታል። ይህችን ቃል በትኬቱ ላይ ካለው የመጨረሻ ስም (ላስት ኔም) ጋር ይዞ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ «ቡኪንግ ማስተካከያ» ውስጥ የሚገባ ሰው ጉዞውን ያየዋል፤ እንደ አየር መንገዱ አሠራር ስልክና ኢሜይል ሊያይ፣ መቀመጫ ሊቀይር፣ አልፎም የመልሱን በረራ ሊሰርዝ ይችላል። ማንም ፓስዎርድ አይጠይቀውም።

ከጎን ያለው በነጠብጣብ የተሞላ አራት ማዕዘን ባርኮድ ደግሞ ሚስጥር አይደለም። በነጻ በሚገኝ የስልክ አፕ ይነበባል። ውስጡ ስም፣ ፒኤንአር፣ የበረራ ቁጥር፣ ቀንና መቀመጫ አለ፤ አየር መንገዱ ካስገባው የማይል አባልነት ቁጥርም ይኖራል። ስምን በጣት ሸፍኖ ባርኮዱን ገልጦ ፎቶ መለጠፍ ምንም አልሸፈነም። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት በ2020 እ.ኤ.አ. የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጥፈው፣ አንድ ባለሙያ ከዚያ ባነበበው ቁጥር ገብቶ የፓስፖርት ቁጥራቸውን ሳይቀር አግኝቷል። «አልሐምዱሊላህ፣ መንገድ ጀመርን» ብሎ ፓስፖርትና ቦርዲንግ ፓስ ደራርቦ ቴሌግራም ላይ ማውጣት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ደስታውን የአውሮፕላኑን መስኮት አንስቶ ማካፈል ይቻላል።

ሻንጣ ላይ የሚታሰረው ወረቀትም ስምና ብዙ ጊዜ ፒኤንአር ይዟል። ቤት ሲደርሱ ቀድደው ያቃጥሉት እንጂ መናኸሪያ ላይ አይጣሉት። ሕትመት ቤቶችን በተመለከተ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ትኬቱ በቴሌግራም ለቤቱ ይላካል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይወርዳል፣ ይታተማል፣ ተጓዡ አሥር ብሩን ከፍሎ ይሄዳል። ፋይሉ ግን እዚያው ነው። የሰው ሁሉ ትኬት፣ ቪዛና የፓስፖርት ቅጂ በአንድ ፎልደር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ትኬትዎን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ በቴሌግራም ከላኩ ደግሞ እንደታተመ ለሁለቱም ወገን እንዲጠፋ አድርገው ይሰርዙት፣ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደውንም የሕትመት ቤቱ ልጅ ፊትዎ እንዲያጠፋው ይጠይቁት። ማፈር አያስፈልግም።

የስልክ ጥሪው

«ጤና ይስጥልን፣ ከአየር መንገዱ ነው። የማይልዎ ጊዜ ዛሬ ማታ ያበቃል፤ እንዳይቃጠልብዎ ወደ ቀጣዩ ዓመት ላሻግርልዎ። አሁን አንድ ኮድ ይደርስዎታል፣ ይንገሩኝ።»

ኮዱ እውነተኛ ነው፤ ከአየር መንገዱ ወይም ከጉግል ነው የመጣው። የመጣው ግን ደዋዩ በዚያች ደቂቃ የእርስዎን አካውንት ሊከፍት እየሞከረ ስለሆነ ነው። ኮድ ማለት የቤትዎ ቁልፍ በስልክ የሚላክ ነው፤ እርስዎ ራስዎ በር ካላንኳኩ ቁልፍ ሊመጣ አይገባም። ትክክለኛ የአየር መንገድ ሠራተኛ በጥሪ ላይ የመግቢያ ኮድ ወይም ፓስዎርድ አይጠይቅም። ስልኩን ዘግተው በትኬትዎ ወይም በድረ ገጹ ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።

በኢሜይልና በቴሌግራም የሚመጣው ሊንክም አንድ ዓይነት ነው። አድራሻውን እንዲህ ያንብቡ፦ ከ«ኤችቲቲፒኤስ» ቀጥሎ ያሉትን ሁለት እዝባሮች (//) አልፈው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ እዝባር (/) ይፈልጉ፤ ከእዝባሯ በስተግራ ተጣብቀው ያሉት ሁለቱ ቃላት ናቸው የቤቱ ባለቤት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ እዚያ ላይ «ኢትዮጵያንኤርላይንስ ነጥብ ኮም» ብቻ ነው መኖር ያለበት፤ ሳይቆራረጥ፣ መሐል ላይ ሰረዝ ሳይገባበት። የአየር መንገዱ ስም በአድራሻው መጀመሪያ ላይ ኖሮ ከእዝባሯ በፊት ሌላ ስም ካለ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ሊንኩን ጨርሶ አለመንካት፣ አድራሻውን በእጅ መጻፍ ወይም አፑን መክፈት ነው።

ሌባው ከገባ በኋላ

የሚሠራው በፍጥነት ነው። ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለሚነሣ በረራ ትኬት ይቆርጣል፤ ምክንያቱም ትኬቱ ካልተበረረበት ሊሰረዝና ማይሉ ሊመለስ ይችላል፣ ከተበረረበት ግን አየር መንገዱ ወንበሩን አጥቷል፤ በረራው የአጋር አየር መንገድ ከሆነም ለዚያ አየር መንገድ ገንዘብ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ማይሉን መመለስ ለፕሮግራሙ ኪሳራ ነው፤ የሚያንገራግረውም ለዚህ ነው። በረራ የማያስፈልገው ሌባ ደግሞ ማይሉን ወደ ስጦታ ካርድ ወይም ሆቴል ይቀይረዋል፣ ወደ ሌላ አባል ያስተላልፈዋል፣ አለዚያም አካውንቱን እንዳለ ይሸጠዋል።

ደብቆ ለመሥራት ሁለት ዘዴ አለው፤ ሁለቱም በኢሜይል ውስጥ ነው። አንደኛው ጎርፍ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ በማያውቁት ቋንቋ በመቶዎች የሚቆጠሩ «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉ መልእክቶች ይገባሉ። ሰው ተበሳጭቶ ሁሉንም በአንድ ላይ ያጠፋል፤ መሐላቸው ላይ የነበረችው «ትኬትዎ ተቆርጧል» የምትለው መልእክትም አብራ ትጠፋለች። እንዲህ ያለ ጎርፍ ካዩ አንዱንም ሳያጠፉ በመፈለጊያው ላይ የአየር መንገዱን ስም ጽፈው ይፈልጉ፤ የባንኩንም እንዲሁ።

ሁለተኛው ማጣሪያ ነው። ሌባው ጂሜይል ውስጥ «ከአየር መንገዱ የሚመጣ ሁሉ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ይሂድ» የሚል ትእዛዝ ያስቀምጣል። ፓስዎርድ ቢቀየርም ትእዛዙ ይቆያል። ይህ ማጣሪያ በስልኩ የጂሜይል አፕ ላይ አይታይም፤ በኮምፒውተር፣ ወይም በስልኩ ብራውዘር «ዴስክቶፕ ሳይት» አድርገው ሲከፍቱት ብቻ ነው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፊልተርስ» በሚለው ሥር የሚገኘው። ከጎኑ «ፎርዋርዲንግ» የሚለውንም ይዩት፤ የማያውቁት አድራሻ ካለ ደብዳቤዎ ሁሉ ቅጂው ወደዚያ እየሄደ ነው።

አስተካክሎ መቆለፍ

ግማሽ ሰዓትና የራስዎ ስልክ ይበቃል። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ ኢሜይል ይቀድማል።

በስልኩ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ጉግል»ን፣ ከዚያ የአካውንት ማስተዳደሪያውን፣ ከዚያ «ሴኩሪቲ»ን ይክፈቱ። መጀመሪያ «ሪከቨሪ» የሚለውን ስልክና ኢሜይል ይዩ፤ የሞባይል ቤቱ ልጅ ወይም የቢሮው ቁጥር ካለ አውጥተው የራስዎን ያስገቡ። ጉግል በቀድሞው ቁጥር ላይ ለ7 ቀን ያህል ኮድ ሊልክ ስለሚችል ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሰው ይፈትሹ። ቀጥሎ ፓስዎርዱን ይቀይሩ። ስም፣ የልደት ዓመትና ስልክ ቁጥር አይሁን፤ እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ይያያዙ፣ ለምሳሌ አንድ ተራራ፣ አንድ የወጥ ቤት ዕቃ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ እንስሳ። ጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነውር የለውም፤ የሩቁ ሌባ ሳጥንዎን አይከፍትም። ከዚያ «ዲቫይስስ» በሚለው ውስጥ የማያውቁትን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ያስወጡ፣ ማጣሪያዎቹን ይፈትሹ።

በመጨረሻ ሁለተኛውን መቆለፊያ፣ ከፓስዎርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»፣ ያብሩ። በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ለውጭ አገር ነዋሪ ግን ደካማ ነው። ሲሙ አገር ቤት ከቀረ ኮዱን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፣ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ደግሞ ተሰርዞ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። የጉግል «ኦተንቲኬተር» አፕ ግን ያለ ሲምና ያለ ኢንተርኔት ስልኩ ላይ ኮድ ያወጣል። ከእሱ ጋር 10 የመጠባበቂያ ኮዶችን አውጥተው ያትሙ፤ እያንዳንዳቸው 8 አሃዝ ናቸው፣ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ስልኩ ጅዳ ላይ ቢጠፋ የሚያስገባዎ ይህች ወረቀት ናት።

አሮጌ ኢሜይል ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ሊያጠፋ ይችላል። ያሁ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ለ12 ወራት ያልተከፈቱ አድራሻዎችን ለሌላ ሰው መስጠት መጀመሩን አስታውቆ ነበር። ማይልዎ የተመዘገበው ከአሥር ዓመት በፊት በተከፈተ ያሁ ከሆነ ዛሬውኑ የሚሠሩበትን ኢሜይል ይተኩበት።

አሁን ወደ አየር መንገዱ አካውንት። ፓስዎርዱ ከኢሜይሉ የተለየ ይሁን። «ፕሮፋይል» ውስጥ ያለው ኢሜይልና ስልክ የራስዎ መሆኑን ይዩ፤ ቢሮው የራሱን አስገብቶ ከሆነ ይቀይሩ። ቢሮው ለወደፊቱ ማይል እንዲያስቆጥርልዎ የሚያስፈልገው የአባልነት ቁጥርዎ ብቻ ነው፤ ፓስዎርድ በፍጹም አያስፈልገውም። የቤተሰብ ወይም የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ካለ የማያውቁት ስም መኖሩን ይዩ፤ በአንዳንድ ፕሮግራሞች ሌባው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ስም የሚጨምረው እዚያ ነው።

ከዚያ ስምና የልደት ቀንን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አራት አምስት ዓይነት ነው፣ ዘሀራም ሦስት ዓይነት። የልደት ቀኑንም መዝጋቢው ከኢትዮጵያ ዘመን ሲቀይር ዓመት ወይም ቀን ይስታል። በሰላሙ ጊዜ ጉዳቱ አይታይም፤ አንዳንዴ ማይሉ አልገባም ይባላል፣ ያልፋል። ሲሰረቁ ግን አየር መንገዱ «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት?» ብሎ ፓስፖርት ሲጠይቅ ወረቀቱና አካውንቱ ሁለት ሰው ይሆናሉ። ማስተካከያው ማይሉ እያለ ነው መጠየቅ ያለበት።

ከዚህ በኋላ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የማይሉን መዝገብ አንድ ጊዜ ይክፈቱ። ትንሽ ወጪ፣ ሁለት ሦስት ሺህ ማይል እንኳ፣ አይናቁ፤ ሌባ ብዙ ጊዜ በትንሹ ሞክሮ ነው ሁሉን የሚወስደው።

ከተሰረቀ

ሰዓት ይቆጠራል። መጀመሪያ መዝገቡን ስክሪንሾት ያንሱ፤ የወጣው ማይል፣ ቀኑ፣ የተቆረጠው ትኬት ቁጥር፣ የተጓዡ ስም። ምንም አያጥፉ። ከዚያ ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ኢሜይሉን ይቆልፉ፤ ይህን ሳያደርጉ ለአየር መንገዱ ቢጽፉ መልሱን ሌባውም ያነበዋል። ከዚያ ለማይል ፕሮግራሙ ደንበኞች አገልግሎት ደውለው ሁለት ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ አካውንቱ ይታገድ፤ ያልተበረረበት ትኬት ወዲያው ይሰረዝ። «ማይሌ ጠፋ» ብቻ ብለው ከዘጉ ሠራተኛው እንደ ተራ አቤቱታ መዝግቦት ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ትኬቱ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። የጉዳይ ቁጥር ይቀበሉ፣ ያንኑ ቀን በኢሜይል ከስክሪንሾትና ከፓስፖርት ቅጂ ጋር ይላኩ። ያልገቡ የቆዩ ማይሎችም ካሉ የትኬት ቁጥሩን ይያዙ፤ 13 አሃዝ ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት በ071 ይጀምራል።

ለፖሊስ ማመልከትም ይቻላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው አካውንት መግባትን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል፤ ምንም ባይወሰድ እንኳ። ማታለሉና በሌላ ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መጠቀሙም ለየብቻ ተደንግገዋል። ትኬቱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ግን ሌባው ላይሆን ይችላል።

ርካሹን ትኬት የገዛው

ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኛን ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበናል። የተሰረቀ ማይል ወደ ገንዘብ የሚቀየረው ትኬት ፈላጊ ሲገኝ ነው። ደላላ በቴሌግራም «ከቢሮ በግማሽ ዋጋ» ብሎ ይሸጣል። ገዢዋ በግ ሸጣ፣ ተበድራ ገንዘቡን ትልካለች፤ ትኬቱ እውነተኛ ነው፣ በአየር መንገዱ ድረ ገጽም ይታያል። ባለ ማይሉ ነቅቶ ሲያመለክት ይሰረዛል፤ እሷ ደግሞ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ ቆማለች። በአውሮፓ፣ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም በሆነው በዩሮፖል አስተባባሪነት፣ ፖሊስና አየር መንገዶች በተሰረቀ ካርድና ነጥብ የተገዛ ትኬት የያዘን ሰው ኤርፖርት ላይ አስቁመው ይመረምራሉ።

የተላከልዎትን ትኬት ሲከፍቱ ሦስት ቦታ ይዩ። አንደኛ የትኬት ቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች ማን እንዳወጣው ይናገራሉ፦ 071 የኢትዮጵያ፣ 065 የሳውዲያ፣ 176 የኤምሬትስ፣ 157 የኳታር፣ 016 የዩናይትድ፣ 235 የቱርክ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለሚደረግ ጉዞ ደሴ ላይ የተሸጠ ትኬት በ016 ከጀመረ አንድ አሜሪካ ያለ ሰው የዩናይትድ ማይል ወጥቶበት ሊሆን ይችላል፤ የማን ማይል እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለተኛ የክላስ ፊደሉ፤ በስታር አሊያንስ አጋሮች መካከል የማይል ወንበር በኢኮኖሚ ኤክስ፣ በቢዝነስ አይ ፊደል ይያዛል። ሦስተኛ የዋጋው መስመር፤ የጉዞ ዋጋው ባዶ ሆኖ ወይም በማይል ተጽፎ ታክስ ብቻ ከታየ ትኬቱ በማይል ነው የተቆረጠው።

በማይል መቆረጡ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ አጎት ለእህቱ ልጅ ቢቆርጥላት መብቱ ነው። ጥያቄው ማይሉን ያወጣውን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ ነው። ካላወቀችው ገንዘቧን ሳትልክ በ13 አሃዙ ቁጥር ትኬቱን ላወጣው አየር መንገድ ራሷ ደውላ ማን እንደከፈለበት ትጠይቅ፤ ይህንን ከደሴ ሳትነሣ፣ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ሳትወርድ።